ይወርዳል! ቢወርድስ?



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ በውኃ ተራ ማስታወቂያና በእድር መዋጮ ዝርዝር መካከል፣ የጸሐፊው ስም ያልሠፈረበት አንድ ጽሑፍ ተለጥፎ ከርሟል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፡- የቤት ዋጋ ሊወርድ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ቤት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ገደል የሚከት ሞኝ ነው፤ ዐዋቂ ሰው ግን እየተከራየ ቀኑን ይጠብቃል። ሲያጠቃልልም «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ሲል ተርቶብናል።

ማን ለጠፈው ብለን አልጠየቅንም። ወረቀቱንም አልቀደድነውም። ሰሌዳው የሁላችንም ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ጎን እንዳለ ትተነዋል፤ ሁለቱንም አንብባችሁ ፍረዱ። ነገር ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ለምን ቢሉ፣ ጽሑፉ የተለጠፈው አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ነገር በሚወስንበት ሰዓት ስለሆነ ነው።

ነገሩ የታወቀ ነው። በብሎክ 7 የሚኖሩት መምህርና ባለቤታቸው፣ እንድንጽፍ ስለ ፈቀዱልን እንጽፋለን፣ በተከራይነት ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የባለቤታቸው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከእንግዲህ ከልጆቻቸው ጋር ውጭ አገር ሊኖሩ ስለሆነ፣ «ለባዕድ ከመሸጤ በፊት ለእናንተ ላስቀድም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጡኝ» ብለዋል። መምህሩና ባለቤታቸው ለብዙ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ፤ ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ለዚሁ ብሎ የላከውም አለ፤ የጎደለውን ጥቂት ነገር ከመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር ማግኘት ይችላሉ። ነገሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ያ ወረቀት ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እንቅልፍ የለም። ባል «እንጠብቅ» ይላል፤ ሚስት «ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን፣ ስንት እንጨምር?» ትላለች። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆኗል። እንግዲህ መካሪ ከበዛ የእኛም ምክር ይሰማ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ይወርዳል በሚለው ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። እኛም ይወርዳል ብለን እናስባለን። እንዴት አይወርድ? በከተማችን በየአቅጣጫው ሕንፃ ተጀምሮ ብረቱ እንደ ቆመ ይታያል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ከወሰነ ጊዜ አንሥቶ ብድር የማግኘቱ ነገር ጠበቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የደመወዝተኛውም አቅም በዚያው ልክ ተሸረሸረ። ሻጭ ብዙ፣ ገዢ ጥቂት ከሆነ ዋጋ ወዴት ይሄዳል? ደላሎቹ ራሳቸው፣ ትናንት «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኘውም» ሲሉ የነበሩት፣ ዛሬ ቡና እየጋበዙ ገዢ ይለምናሉ።

ስለዚህ ክርክራችን ይወርዳል አይወርድም አይደለም። ክርክራችን ጸሐፊው «ስለዚህ» ባላት ቃል ላይ ነው። «ይወርዳል፤ ስለዚህ አትግዛ» ይላል። ይህች «ስለዚህ» ለነጋዴ ትክክል ናት። ሽንኩርት ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ሽንኩርት ገዝቶ መጋዘን አይከትም። አየር ባየር የሚነግድ ሰው ቤት ገዝቶ በስድስት ወሩ ሊሸጠው ካሰበ ዋጋው ሲወርድ ይከስራል፤ ይክሰር! ነገር ግን ሽንኩርቱን ለወጥ የሚፈልገው ሰው፣ «በሚቀጥለው ወር ይረክሳል» ብሎ ልጆቹን ያለ ወጥ ያኖራል እንዴ? ለመኖሪያ የሚገዛ ቤት ሸቀጥ አይደለም። በየማለዳው ዋጋው የሚጠየቅለት ነገር አይደለም። የሚጠየቅለት ጣራው ያፈሳል ወይስ አያፈስም፣ ልጆቹ ተኝተዋል ወይስ አልተኙም የሚለው ነው።

የቤትን ሁለት መልክ የዕድሜ ባለጸጎቻችን በዐይናቸው አይተውታል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ ለኪራይ የተሠራው ቤት ሁሉ በአንድ ቀን ከባለቤቱ እጅ ወጣ። ለቤተሰቡ የቀረው ምን ነበር? የሚኖርበት አንዱ ቤት። የአዋጁን ደግነትና ክፋት ዛሬ አንመዝንም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። የምንለው ይህን ነው፤ ያ አዋጅ እንኳ ትርፍ ቤትንና መኖሪያ ቤትን በአንድ ስም አልጠራቸውም። የሰሌዳው ጸሐፊ ግን አንድ አድርጎ ጠራቸው። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። «ስሜት ነው የምታወሩት» እንዳንባል። ለማስላት እንዲመች ነው እንጂ የማንንም ቤት ዋጋ መናገራችን አይደለም።

አንድ ቤት 5,000,000 ብር ነው እንበል። ኪራዩ በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር። ጠባቂው ሰውዬ 5,000,000 ብሩን በሙሉ ባንክ አስቀምጦ ከመቶ 7 ወለድ ያገኛል፤ ይኸውም በዓመት 350,000 ብር። ሦስት ዓመት ይጠብቅ። ለተከራካሪያችን ይመች ብለን ኪራዩ በሦስቱ ዓመት ምንም አይጨምርም እንበል። ወለዱ 1,050,000፤ ኪራዩ 720,000። ከሦስት ዓመት በኋላ በእጁ 5,330,000 ብር አለ ማለት ነው። የቤቱ ዋጋ ከመቶ 20 ወርዶ 4,000,000 ከሆነ፣ ቤቱን ገዝቶ 1,330,000 ብር ይተርፈዋል። የስም ማዛወሪያውንና የቴምብር ቀረጡን ሁለቱም ሲገዙ ስለሚከፍሉት አልቈጠርነውም።

አያችሁ፤ ሒሳቡን አልደበቅንም። በዚህ ስሌት ጠባቂው አሸንፏል። ጸሐፊው ይህን ያህል እንኳ አስልቶ አላሳየንም፤ እኛ አስልተንለታል። ነገር ግን አሁን ሒሳቡን ገልብጠን እንየው።

አንደኛ፤ ያ የተረፈው ብር ያው ብር ነውን? የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ 12 ቢጨምር፣ ዛሬ በ100 ብር የምንገዛውን ከሦስት ዓመት በኋላ በ140 ብር ግድም ነው የምንገዛው። ስለዚህ 1,330,000 ብር የተባለው በዛሬ አቅሙ ወደ 950,000 ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከመቶ 30 አልፎ እንደ ነበረ ማን ይረሳል? ያን ጊዜ ባንክ ከመቶ 7 እየከፈለ ብራችን በደብተሩ ላይ ሲያድግ፣ በገበያው ላይ ግን ሲሟሽሽ አይተናል። የቤቱ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የሚፈራ ሰው፣ የብሩን መውረድ ለምን አይፈራም? እጁ ላይ የያዘው ነገር ቆሞ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ሁለተኛ፤ ባገራችን ዋጋ ወረደ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዴት ነው? ሻጩ «5 ሚሊዮን» ብሎ ይዞ ይቀመጣል፤ አይሸጥምም፣ አይቀንስምም። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ትራንስፖርቱ ሲጨምር ቤቱ ባለበት ይቆማል። ይህ ራሱ መውረድ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠባቂው በሦስት ዓመቱ 5,330,000 ብሩን ይዞ ይመጣና ያንኑ ቤት በ5,000,000 ይገዛል። ትርፉ 330,000 ብር፤ እርሱም አቅሙ የደከመ ብር። ለዚህ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት በሰው ቤት «ውጡ እንባል ይሆን» እየተባለ የሚታደረው።

ሦስተኛ፤ ኧረ ለመሆኑ ሦስት ዓመት ሙሉ 5,000,000 ብር ሳይነካ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ በሠፈራችን ማን አለ? እውነቱን እንነጋገር። ገንዘብ እግር አለው። ሠርግ ይመጣል፤ ለቅሶ ይመጣል፤ ሕመም ይመጣል፤ የእኅት ልጅ «ወደ ዐረብ አገር ልሂድ» ብሎ ይመጣል፤ «ለሁለት ወር ብቻ» የሚል ወዳጅ ይመጣል። ገንዘብ እንዳለህ እየታወቀ እምቢ ማለት በእኛ አገር ከባድ ነው። ወንድሙም ከባሕር ማዶ የላከው ለቤት ብሎ ነው፤ ቤት ሳይሆን ሲቀር «የላክሁት የት ደረሰ?» ማለቱ አይቀርም። ቤት የሆነ ገንዘብ ግን ማንም አይበደረውም። ግድግዳ ቆርሶ የሚያበድር የለም።

እሺ፤ ይህም ሁሉ ሆኖ ጠባቂው ያሸንፋል እንበል። ቤቱን የገዛው ሰው 1,000,000 ብር ተጎዳ እንበል። ማን ነው የተጎዳው? ከሸጠ ነው የሚጎዳው። ሳይሸጥ የሚኖርበት ሰው ዋጋው ሲወርድ ከቤቱ አንድ መስኮት አይጎድልበትም። ሸጦ ሌላ ቤት ሊገዛ ቢፈልግም፣ ያኛውም አብሮ ወርዷል። ገበያ የሚያስለቅሰው ከገበያ ሊወጣ የፈለገውን ነው፤ ሊኖር የገባውን አይደለም።

ይህን ስንል ባሕር ማዶ የሆነውን ረስተን አይደለም። ጸሐፊው «በአሜሪካ ስንቱ ቤቱን ተነጠቀ» ብሎ አስፈራርቷል። እውነት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 የቤት ዋጋ በአማካይ ከሩብ በላይ ወርዷል፤ ሚሊዮኖችም ቤታቸውን አጥተዋል። ግን ለምን አጡት? ዋጋው ስለ ወረደ ብቻ አይደለም። ቅድሚያ ክፍያ ሳይኖራቸው፣ ወለዱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በሚጨምር ብድር፣ ከደመወዛቸው በላይ የሆነ ቤት ስለ ገዙና ወርኃዊው ክፍያ ሲያቅታቸው ሸጠው መውጫ ስለ ጠፋቸው ነው። እዚያው አገር፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ በአቅሙ ገዝቶ በየወሩ መክፈል የቻለው ሰው ዋጋው ሲወርድም ሲወጣም ከቤቱ አልወጣም። ከዚያ ታሪክ የምንማረው «ከአቅምህ በላይ አትበደር» የሚለውን ነው። «ቤት አትግዛ» የሚለውን አይደለም። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ አንብቦ አላስተዋለም።

አሁን ደግሞ በሒሳብ ደብተር ወደማይጻፈው ነገር እንምጣ።

ከእኛ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ፣ የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 በወጣ ጊዜ «አሁን የቤት ዋጋ ይፈርሳል» ከሚሉት ወገን ነበር። ጠበቀ። ሰባት ዓመት ጠበቀ። በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ አይሱዙ ላይ ዕቃ ጭኗል። አንዱ አከራይ «ልጄ ሊያገባ ነው» አለው፤ ሌላው «ጨምር» አለው፤ ሌላው ቤቱን ሸጠበት። የመጀመሪያ ልጁ ስምንተኛ ክፍል እስኪደርስ አራት ትምህርት ቤት ቀያይሯል። በየሄደበት እድር ሲገባ መመዝገቢያ እንደ አዲስ ከፍሏል፤ እናቱ ሲያርፉ ግን ድንኳኑን የተከሉለት ስሙን በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ገዝቷል። ዛሬ ስለ ዋጋው ብትጠይቁት «ተወው እባክህ» ይላል። የሚቆጨው ብሩ አይደለም። የሚቆጨው ልጁ አንድ የልጅነት ጓደኛ እንኳ ሳይኖረው ማደጉ ነው። ያን ዕዳ የትኛው ወለድ ይከፍለዋል?

የብሎክ 7 ልጆች የሚማሩት በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ነው። አያታቸው ዐይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ደረጃውን በእጃቸው ያውቁታል፤ ስንተኛው ላይ መደገፊያው እንደሚላላ፣ የማን በር የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ማታ ውኃ ሲመጣ የሚጠራቸው አለ። ቢታመሙ በሌሊት የሚያንኳኩት በር አለ። ይህን ሁሉ ነቅሎ ሌላ ሠፈር መትከል ይቻላል? ወጣቱን ይቻላል። እማማን አይቻልም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለተረት ያህል አይደለም፤ በዚህ ሕንፃ በየሳምንቱ የሚሠራበት ነገር ነው።

አንዳንዱ ሰው «ለተከራይ ሕግ ወጥቶለት የለም ወይ?» ይለናል። ወጥቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዚሁ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነውም እኛው ነን፤ ተከራይ የሆናችሁ ሁሉ መብታችሁን እወቁ፣ ጠይቁ። ሆኖም ሕጉ የሚጠብቀው ውልን ነው። ውል ደግሞ የሚያበቃበት ቀን አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳን የመሳሰሉ ነባር ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡም አይተናል፤ ከግለሰብ የተከራየ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ከመውጣት በቀር ብዙም የሚጠይቀው አልነበረውም። ካሳና ምትክ ቦታ የሚነገረው በባለይዞታው ስም ነው።

ስለ መጠበቅ ደግሞ ይህች ከተማ ትመስክር። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት መቶ ሺዎች ተሰልፈው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ? ያን ጊዜ የታዘለ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ዕጣውን ዛሬም የሚጠብቅ ብዙ ነው። እነዚያን አንነቅፍም፤ አማራጭ አጥተው ነው የሚጠብቁት። አማራጭ እያለው፣ በር ተከፍቶለት፣ «ይረክስ ይሆናል» ብሎ ደጅ የሚቆመውን ግን እንዴት ዐዋቂ እንለዋለን? የላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አንድ ክስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። «እናንተ ባለቤቶች ናችሁ፤ ዋጋው እንዳይወርድባችሁ ነው ሰውን ግዛ የምትሉት» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን ባጭሩ ይህ ነው። ዋጋው ቢወርድ ደስ ይለናል! እኛም ልጆች አሉን። የእኛ ልጆች በዛሬው ዋጋ አንድ ክፍል እንኳ አይገዙም። ቤታችን በወረቀት ላይ ሁለት እጥፍ ቢሆን የምንበላው አንድ እንጀራ አይጨምርልንም፤ የልጃችንን ትዳር ግን ያዘገየዋል። ስለዚህ ይውረድ። እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋውን የሰቀሉት ቤቱን ዘግተው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት እንጂ መብራት አብርተው የሚኖሩበት አይደሉም።

ይህን ሁሉ ስንል ግን «ያገኛችሁትን ሁሉ ግዙ» ማለታችን እንዳልሆነ በጥብቅ እናሳስባለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ የሚከተሉት ሳይሟሉ የሚገዛ ሰው በእኛ ስም እንዳይገዛ፡-

1ኛ/ ቤቱ ለመኖሪያ ይሁን። ቢያንስ አሥር ዓመት እኖርበታለሁ የማይል ሰው የጸሐፊውን ምክር ይከተል፤ ለእርሱ ልክ ነው።

2ኛ/ በአራጣ ብድር አይገዛ። እንጀራ የሚበላበትን ሱቅ ወይም ታክሲ ሸጦም አይገዛ። ወርኃዊ ዕዳው ዛሬ ከሚከፍለው ኪራይ ብዙ የሚርቅ ከሆነ ይተወው።

3ኛ/ ያለቀና ካርታ ያለው ቤት ይግዛ። «በሁለት ዓመት እናስረክባለን» እየተባለ በሥዕል ለሚሸጥ ቤት ገንዘቡን አስቀድሞ አይስጥ። ስንቱ ከፍሎ ጉድጓድ ሲጠብቅ እንደ ኖረ ይህች ከተማ ታውቃለች።

4ኛ/ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በልማት ፕላን ውስጥ እንዳልገባ፣ የጋራ መኖሪያ ቤትም ከሆነ የባንክ ዕዳው እንደ ተከፈለና ለመሸጥ የተከለከለበት ጊዜ እንዳለፈ በጽሑፍ ያረጋግጥ። የደላላ ቃል ማረጋገጫ አይደለም።

5ኛ/ ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በተመዘገበ መንገድ እንዲሆን የሚያዘው በከንቱ አይደለም።

6ኛ/ ሁሉንም ከፍሎ ባዶ ኪስ አይቅር። ቢያንስ የስድስት ወር ቀለብና መድኃኒት የሚሸፍን ገንዘብ ይትረፈው።

7ኛ/ ይከራከር! ዋጋው ይወርዳል ብሎ የሚያምን ሰው ለምን በትናንቱ ዋጋ ይገዛል? መውረዱን ሦስት ዓመት ተቀምጦ ከሚጠብቀው ዛሬውኑ በጠረጴዛ ላይ ይጠይቀው። ገዢ በጠፋበት ዘመን ገንዘቡን ይዞ የቀረበ ሰው ጌታ ነው። ከጠየቁት ላይ ከመቶ 10 ያስቀነሰ ሰው ከሚፈራው ውርደት ግማሹን በአንድ ቀን አግኝቷል።

በዚህ በሰባተኛው ላይ ለእትዬም አንድ ቃል አለን። ዘጠኝ ዓመት ኪራዩን ቀኑን ሳያሳልፍ የከፈለ፣ ቧንቧው ሲፈነዳ በራሱ ወጪ ያሠራ፣ ግድግዳውን እንደ ራሱ ቤት ያስቀባ ተከራይ፣ ለባዕድ ከሚነገረው ዋጋ ዝቅ ሊልለት ይገባል። እርስዎም ገበያውን ያውቁታል፤ ባዕዱ ገዢ ገና አልመጣም፤ ቢመጣም ይከራከራል። ለማያውቁት ሰው የሚቀንሱትን ለሚያውቁት ይቀንሱ። ሽማግሌ ካስፈለገ ከማኅበሩ ሦስት ሰዎች ተዘጋጅተዋል፤ ቡናው በእኛ ነው።

ለመምህሩና ለባለቤታቸው የምንለው ይህ ነው። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ገንዘቡም የእናንተ ላብ ነው። ከላይ የዘረዘርነውን አንድ በአንድ አይታችሁ የጎደለ ከሆነ ተዉት፤ ማንም አይፈርድባችሁም። የተሟላ ከሆነ ግን «ከሦስት ዓመት በኋላ ረክሶ ባየው እቆጫለሁ» በሚል ፍርሃት ብቻ አትተዉት። ምናልባት ይረክሳል። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ባነሰ ዋጋ ይሸጥና፣ ያ ስሙን ያልጻፈው ጸሐፊያችን «አላልኋችሁም?» እያለ ደረጃ ለደረጃ ይዞር ይሆናል። ያን ቀን በራችሁን ከፍታችሁ ቡና ጋብዙት። የራሳችሁ በር ይሆናልና።

ለጸሐፊውም አንድ መልእክት አለን። መልስ ካለህ ጽፈህ ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጥ፤ ቃል ሳንቀንስ እንለጥፈዋለን። ስምህን ግን ጻፍበት። ሰውን ከቤቱ የሚያስቀር ምክር የሚሰጥ ሰው የራሱ ቤት የት እንደሆነ ቢታወቅ መልካም ነው። ጠይቀንም አይደለም፣ ሰው ነግሮን እንጂ፤ አንተ ራስህ የምትኖረው በገዛኸው ቤት ነው ይባላል።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የነዋሪዎች ማኅበር የሰሌዳ ጽሑፍ ኮሚቴ

ማሳሰቢያ፡- በዚህ ጉዳይ ለመነጋገር የፈለገ ሁሉ እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በእድሩ ድንኳን ሥር እንዲገኝ ተጋብዟል። ተከራዮችም፣ ባለቤቶችም፣ ዋጋው ይወርዳል የሚሉም፣ አይወርድም የሚሉም።